አንድ ተርኪ ለስንት ሰው?

በ1621 መኸር ከገባ በኋላ ፕሊመዝ በተባለችው የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ሰፈር ስለተበላው ድግስ በዓይኑ አይቶ የጻፈልን ኤድዋርድ ዊንስሎው ነው። እሱም ቢሆን እንግሊዝ አገር ለሚኖር ወዳጁ በላከው ደብዳቤ ውስጥ ጥቂት መስመር ብቻ ነው የሰጠው (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ገዥው አራት ሰዎች ወፍ እንዲያድኑ ላከ። የዋምፓኖአግ ሕዝብ አለቃ ማሳሶይት 90 ያህል ሰዎች አስከትሎ መጣ፣ ሰዎቹም ወጥተው አምስት አጋዘን ገድለው አመጡ፣ ሦስት ቀን ተበላ። ከሜይፍላወር መርከብ ከወረዱት እንግሊዞች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያው የበረዶ ወራት አልቀው የተረፉት 50 ገደማ ስለነበሩ፣ እንግዳው ከደጋሹ የበዛበት ድግስ ነበር።

ዛሬ በአሜሪካውያን የምስጋና በዓል፣ በታንክስጊቪንግ፣ የሚበላው ተርኪ የሚባለው ትልቅ ወፍ ግን በደብዳቤው ውስጥ የለም። አዳኞቹ ይዘው የተመለሱት ዳክዬ ይሁን ዝይ ዊንስሎው አልነገረንም። የሰፈሩ ገዥ ዊልያም ብራድፎርድ በዚያ ወቅት የዱር ተርኪ በብዛት መታደኑን ስለጻፈ ከማዕዱ አልጠፋም ብሎ መገመት ይቻላል፤ ከግምት ግን አያልፍም። ዛሬ ከተርኪው ጎን የሚቀርበውን ብናይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ድንች አልነበራቸውም፣ የስንዴ ዱቄት አልነበራቸውም፣ ክራንቤሪ የሚያጣፍጡበት ስኳርም የላቸው። ድግሱንም ታንክስጊቪንግ ብለው አልጠሩትም፤ ለእነሱ የምስጋና ቀን ማለት ተሰብስበው የሚጸልዩበት ቀን ነው። «የመጀመሪያው ታንክስጊቪንግ» የሚለውን ስም ያወጣለት የቦስተኑ ቄስ አሌክሳንደር ያንግ ነው፤ በ1841፣ ማለትም ከ220 ዓመት በኋላ፣ የዊንስሎውን ደብዳቤ ሲያሳትም በግርጌ ማስታወሻ አሰፈረው። የማሳሶይት ወገኖች ልጆች ታሪኩን የሚያስታውሱት በሌላ መንገድ ነው። ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ በታንክስጊቪንግ ቀን ፕሊመዝ ላይ ተሰብስበው ሐዘን ይቀመጣሉ።

እንግዲህ ተርኪው በማዕዱ ላይ የነገሠው በ1621 ትዝታ ካልሆነ በምንድን ነው? በግዝፈቱ ነው፤ እኔ የማምነው ይህንን ነው። ፕሊመዝ ላለችበት ለኒው ኢንግላንድ አካባቢ ገበሬ ላም ወተቷ አለ፣ በሬ ጉልበቱ አለ፣ ዶሮም ከታረደች የነገው እንቁላል ቀረ ማለት ነው። ተርኪ ግን ከመበላት በቀር ሌላ ጥቅም አልነበረውም። በጸደይ ይፈለፈላል፣ በጋውን ነፍሳት እየለቀመ ይከርማል፣ አዝመራ ሲነሣ የረገፈውን እህል ይቃርማል፣ ኖቬምበር ሲገባ ሰብቶ ይጠብቃል። ትንንሽ ዶሮዎች በርከት አድርጎ ከማረድ አንድ እሱን ጥሎ ቤተሰቡን፣ አማቱን፣ ጎረቤቱን ማጥገብ ይቻላል።

ከተሜው ደግሞ የሚበላው በእግሩ እየተነዳ የመጣለትን ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከቬርሞንት እስከ ቦስተን ተርኪ እንደ ከብት በመንጋ ይነዳ ነበር። እረኞቹ በቆሎ ከፊት እየበተኑ ይመሩታል። ጀንበር ስትጠልቅ መንጋው በያለበት ዛፍ ላይ ወጥቶ ያድራል፣ ንቅንቅ የለም። ጣሪያ ያላቸው የእንጨት ድልድዮች ላይ ሲደርስ ጨለማውን አይቶ መሸ ብሎ እዚያው የሚሰፍርበት ጊዜም ነበር፤ እረኛው ምን ብሎ እንደሚያባብለው እግዜር ይወቅ።

ይህን የኒው ኢንግላንድ የታንክስጊቪንግ ልማድ የመላ አገሩ ያደረገችው ሳራ ጆሴፋ ሄል ናት። ሄል በ1788 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ተወለደች። በ1822 ባሏ አምስት ልጆች ጥሎባት ሲሞት እንጀራዋን ከብዕር መፈለግ ግድ ሆነባት። በ1827 «ኖርዝውድ» የተባለ ልብ ወለድ አሳተመች፣ አንድ ሙሉ ምዕራፍም ለታንክስጊቪንግ ማዕድ ሰጠች። ተርኪው በጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጧል፤ የበሬው፣ የአሳማውና የበጉ ሥጋ፣ ዝይው፣ ዳክዬው፣ የዶሮው ፓይ ዙሪያውን ከበውታል። በዚያ ዘመን ይህን ሁሉ ማቅረብ የሚችል ስንት ቤት ነበር ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኋላ ኋላ አጃቢዎቹ አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ሲወርዱ ተርኪው ቦታውን ሳይለቅ ቀረ።

ሄል ከ1837 እስከ 1877 «ጎዲስ ሌዲስ ቡክ» የተባለው የሴቶች መጽሔት አዘጋጅ ነበረች። በዘመኑ በአሜሪካ በስፋት ከሚነበቡት መጽሔቶች አንዱ ነበር። ዓመት ጠብቃ ስለ በዓሉ ርእሰ አንቀጽ ትጽፋለች፣ የምግቡን አሠራር ታትማለች፣ በዓሉ የመላ አገሩ እንዲሆን ለአገረ ገዥዎችና ለፕሬዚዳንቶች ደብዳቤ ትልካለች። ከአብርሃም ሊንከን በፊት የነበሩ ፕሬዚዳንቶች ሰምተው ዝም አሏት። በሴፕቴምበር 28 ቀን 1863፣ በ74 ዓመቷ፣ ለሊንከን ጻፈች፤ አዋጁ በአምስተኛው ቀን ወጣ። በሰሜንና በደቡብ መካከል በተደረገው የእርስ በርስ ጦርነት የጌቲስበርግ ውጊያ ካለፈ ገና ሦስት ወሩ ነበር። አዋጁ የኖቬምበር የመጨረሻው ሐሙስ የምስጋና ቀን ይሁን ይላል፤ ስለሚበላው ግን አንድ ቃል የለውም። ያንን ለቤት እመቤቶቹ ሲነግራቸው የኖረው መጽሔቱ ነው። በተከታዩ ዓመት የኒው ዮርክ ሰዎች አዋጥተው ተርኪና ዶሮ በመርከብ አስጭነው የደቡቦቹን ከተማ ፒተርስበርግን ከበው ለነበሩት የሰሜን ወታደሮች ላኩ።

ቀኑም ቢሆን እንደተተከለ አልኖረም። በ1939 የመጨረሻው ሐሙስ ኖቬምበር 30 ላይ ሲውል ነጋዴዎች የገና ገበያችን አጠረብን አሉ፣ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልትም በዓሉን በሳምንት አስቀደመው። 23 ግዛቶች ተከተሉት፣ 22ቱ እንቢ አሉ፣ ሦስቱ ሁለቱንም አከበሩ። አባት በአንዱ ግዛት ልጅ በሌላው ሲኖሩ በምን ቀን ይሰብሰቡ? በ1941 ምክር ቤቱ አራተኛው ሐሙስ ይሁን ብሎ በሕግ ቋጨው።

የተርኪው ግዝፈት ግን በዚያው ዘመን ዕዳ ሆነ። ቤተሰብ አነሰ፣ አፓርታማው ጠበበ፣ ተርኪው ከፍሪጅም ከኦቭንም አልገባ አለ። ለዚህ መላ የዘየደው የግብርና ሚኒስቴሩ የምርምር ጣቢያ ነው። ጣቢያው ያለው ቤልትስቪል፣ ሜሪላንድ ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም አይርቅም። ተመራማሪዎቹ በ1930ዎቹ ጀምረው ትንሽ፣ ደረተ ሙሉና ነጭ ላባ ያለው ተርኪ አዳቀሉ። ላባው ነጭ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ጥቁር ላባ ሲነጭ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ይተዋል፣ ገዢም አይወደውም። ቤልትስቪል ስሞል ዋይት የተባለው ይህ ዝርያ በ1950ዎቹ ገበያውን ሞላው፣ በ1970ዎቹ ግን ከገበያው ጠፋ ማለት ይቻላል። ሆቴሎችና ሥጋ አቀናባሪዎች ትልቁን ፈለጉ። ትንሽ የሚፈልገውም ቢሆን ትልቁ ዝርያ በጨቅላነቱ ሲታረድለት በቃው። በ1960 ለእርድ የሚቀርብ ተርኪ በአማካይ 7 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ዛሬ ከነሕይወቱ ከ14 ኪሎ ያልፋል። ደረቱ ከመግዘፉ የተነሣ ወንዱ ሴቷን ማጥቃት ስለተሳነው፣ በፋብሪካ ደረጃ የሚረባው ተርኪ ሁሉ ማለት ይቻላል በሰው ሠራሽ ዘዴ ይዳቀላል።

የዛሬዋ ባለቤት ጣጣም ከዚሁ ግዝፈት ይመነጫል። የተለመደው ስሌት ለአንድ ሰው ጥሬ አንድ ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። የእኛዋ ባለሙያ እንግዳ ሲጨመርባት ሽንኩርቱን ታበዛለች፣ እንቁላሉን ትጨምራለች፣ ዓሥራ ሁለቱን ብልት እንደ ሰው ደረጃ ታከፋፍላለች። ተርኪ እንዲህ አይለጠጥም፤ ሲገዛ ተቆጥሮ ካልተገዛ አለቀ። በበረዶ የደረቀው ተርኪ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ እስኪሟሟ ለየሁለት ኪሎው አንድ ቀን ይፈልጋል፤ የ9 ኪሎው ከአራት እስከ አምስት ቀን ማለት ነው። ኦቭን ሲገባ ደረቱ ቶሎ ይበስላል፣ የታፋው ውስጥ ይዘገያል። ሁሉም 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ ታፋው እስኪደርስ ሲጠበቅ ደረቱ እንደ ጭድ ይደርቃል። የብዙ አማቶች ትችት መነሻው ይኸው ነው።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን በዚህ ላይ የራሳቸውን ጨምረዋል። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት በንጥር ቅቤ ለውሰው ከቆዳው ሥር የሚቀቡት አሉ፣ አዋዜ የሚያጠጡትም አሉ፣ ዶሮ ወጡን ግን ከጎኑ ሳያስቀምጡ አይቀሩም። ሙስሊሞቹ ሐላል የታረደውን ቀደም ብለው ያዝዛሉ። የሁሉንም ስሌት የሚያዛባው በኦርቶዶክሳውያን ላይ የሚመጣው ነው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፣ ይህም በአብዛኛው ኖቬምበር 24 ላይ ይውላል። አራተኛው ሐሙስ ከ22 እስከ 28 ባለው ስለሚመላለስ፣ ብዙውን ጊዜ ጾሙ ውስጥ ይወድቃል። ሥራ የተዘጋውና ዘመድ ከየግዛቱ የሚሰበሰበው በዚያ ቀን ስለሆነ መጠራቱ አይቀርም፤ ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ በአንድ ወገን፣ ተርኪው በሌላ ወገን ሆኖ ይቀርባል። በ2015 ዓ.ም. ሁለቱ ገጠሙ፤ ሐሙሱ ራሱ የጾሙ መግቢያ ሆነ። ዋዜማው ረቡዕ ነው፣ እሱም ይጾማል። ተርኪዬን በቅበላ ልብላ ያለ ጿሚ፣ አገሩ ሁሉ ሥራ በሚገባበት ማክሰኞ ማታ መጋበዝ ነበረበት፤ ለዚያም የ9 ኪሎ ተርኪውን በፊተኛው ሐሙስ ፍሪጅ ማስገባት።