ቶርኪ ላይ የተገኘው ሰውዬ

በ1970 ግንቦት ወር (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) «ሞንቲ ፓይተን» በሚል ስም የታወቁት ኮሜዲያን ለፊልም ሥራ ወደ እንግሊዟ የባሕር ዳርቻ ከተማ ወደ ቶርኪ ወርደው፣ ግሌንኢግልስ ሆቴል አረፉ። የሆቴሉ ጌታ ዶናልድ ሲንክሌር የቀድሞ የባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ እንግዳ ማስተናገድ ግን ሞት ሞት ይለዋል። አሜሪካዊውን ቴሪ ጊሊያምን በሹካና ቢላ አያያዙ ገሠጸው። የኤሪክ አይድልን ቦርሳ ደግሞ ቦምብ ይዟል ብሎ ከደጅ አውጥቶ አጥር ሥር አኖረው። ውስጡ የነበረው የደወል ሰዓት ነው! ጓደኞቹ ተማርረው ሲሄዱ ጆን ክሊዝ ግን እዚያው ቀረ፤ ሚስቱ ኮኒ ቡዝም መጥታ ተቀላቀለችው።

እንዲህ ያለ ሰው አግኝቶ መሣቅ ቀላል ነው። ከሰውየው ታሪክ ማውጣቱ ግን ዓመታት ፈጀ። ባልና ሚስቱ የጻፉት «ፎልቲ ታወርስ» በ1974 ለቢቢሲ ሲቀርብ፣ አንድ የጽሑፍ ገምጋሚ ገጸ ባሕርያቱ ያረጁና የተለመዱ ናቸው ሲል አጣጣለው። እውነቱን ለመናገር ብዙም አልተሳሳተም፤ ቁጡ ባል፣ ኃይለኛ ሚስት፣ ቋንቋ የማይገባው አስተናጋጅ፣ በወረቀት ላይ ምን አዲስ ነገር አላቸው?

ምሥጢሩ ያለው ባዚል ፎልቲ ከቁጣው በታች ፈሪ በመሆኑ ላይ ነው። ሚስቱን ሲቢልን ይፈራል። በ1979 በታየ አንድ ክፍል ተደብቆ በፈረስ ውድድር ይቆምርና ያሸንፋል፤ ገንዘቡን ከእርሷ ለመሸሸግ ሲል አስተናጋጁን ማኑኤልን ምንም እንዳይተነፍስ ያስጠነቅቀዋል። በኋላ ገንዘቡ የእርሱ መሆኑን የሚመሰክርለት ሲፈልግ፣ ምስኪኑ ማኑኤል በቃሉ ጸንቶ ምንም አላውቅም ይላል። ወጥመዱን የሠራው ራሱ ባዚል ነው። ጸሐፊዎቹ ንግግሩን ከመጻፋቸው በፊት ሳምንታት የሚያጠፉት የታሪኩን ውል በዚህ መንገድ ሲቋጥሩ ነበር። ለዚህም ይመስለኛል በ1975 ስድስት፣ በ1979 ስድስት ክፍል ብቻ ሠርተው ያበቁት። ትዳራቸው በ1978 ፈርሶ እንኳ ሥራውን አብረው ጨርሰውታል።

ሲንክሌር በ1981 ሞተ። ሚስቱ ግን ባሌ ጨዋና ጀግና ሰው ነበር፣ ያለ አግባብ መሣቂያ አደረጉት ስትል ኖራለች። እኛ የሣቅንበት ባዚል ነው፤ የእርሷን ቅሬታ ግን አቅልሎ ማለፍ ይከብደኛል። ሆቴሉ በ2015 ተዘግቶ በኋላ ፈርሷል። በቦታው የተሠራው የአረጋውያን መኖሪያ የተሰየመው ማኑኤልን ሆኖ በተጫወተው በአንድሩ ሳክስ ስም ነው።