ሌቴ፦ የመርሳት ወንዝና የአቴናውያን መሐላ

በጥንታዊ ግሪኮች እምነት በሙታን ዓለም የሚፈሱት ወንዞች በተለምዶ አምስት ናቸው። ገናናው አማልክት የሚምሉበት ስቲክስ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ሌቴ ነው። ስሙ በቀጥታ «መርሳት» ማለት ሲሆን ከውሃው የጠጣች ነፍስ የኖረችውን ሁሉ ትረሳለች። ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ነፍሳት ዳግም ከመወለዳቸው በፊት በሌቴ ሜዳ ሰፍረው እንደሚጠጡ፣ ማስተዋል የጎደላቸውም ከልኩ በላይ እንደሚጎነጩ ይተርካል።

ግሪኮች እውነትን «አሌቴያ» ይሏታል። ከፊት ያለችው «አ» አፍራሽ ናት። ብዙ ምሁራን ቃሉን «ያልተሰወረ፣ ያልተረሳ» ብለው ይፈቱታል። በዚህ አፈታት የእውነት ተቃራኒ ውሸት ብቻ አይደለም፤ መርሳትም ነው።

እነዚሁ ሰዎች ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ403 ዓመት በደልን ላለማንሳት ማሉ። ከአንድ ዓመት በፊት አቴና በስፓርታ ተሸንፋ ሥልጣኑ በሠላሳ ሰዎች እጅ ወድቆ ነበር። በአርስቶትል ስም የሚታወቀው «የአቴናውያን ሕገ መንግሥት» እንደሚለው የገደሏቸው ሰዎች ከ1,500 አያንሱም። ስደተኞቹ ተዋግተው ሲመለሱ ደም የተቃባ ሕዝብ በአንድ ገበያ ሊገናኝ ሆነ። መሐላው የመጣው ያኔ ነው። ከምሕረቱ የተገለሉት ሠላሳዎቹና ጥቂት ሹማምንት ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ለሥራቸው ተጠያቂ ለመሆን ከቀረቡ በሩ አልተዘጋባቸውም። ቂም ማንሳት የጀመረ አንድ ሰው ደግሞ ያለ ፍርድ ተገደለ። ምሕረትን በግድያ ማስከበር ማለት ይህ ነው! ዛሬ «አምነስቲ» የሚባለው ቃል የመጣው ከግሪክኛ ነው፤ ፍቺውም «አለማስታወስ» ነው።

የመሐላው ቃል ግን «እርሱት» አይልም። «ቂም አላነሳም» ነው የሚለው። ይህ ከሌቴ መጠጣት አይደለም፤ እያስታወሱ ዝም ማለት ነው። ዝም የተባለው ደግሞ ሌላ መውጫ ይፈልጋል።

በ399 ሶቅራጥስ አማልክትን በመካድና ወጣቶችን በማበላሸት ተከሰሰ። የሠላሳዎቹ መሪ ክሪቲያስ አንድ ወቅት ከእሱ ጋር ይውል እንደነበር ከተማው ያውቃል። በክሱ ጽሑፍ ላይ ግን ስሙ የለም። ሶቅራጥስ ተፈርዶበት መርዙን ጠጣ።

ከ50 ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ተናጋሪው አይስኪንስ በአቴና ፍርድ ቤት ቆሞ፣ ሶቅራጥስን የገደላችሁት ክሪቲያስን በማስተማሩ ነው ሲል ለዳኞቹ ነገራቸው።