ሕመም ወደ ክስ ሲለወጥ

አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት አርተር ሚለር እ.ኤ.አ. በ1953 ለመድረክ ያበቃው «ዘ ክሩሲብል» በ1692 በማሳቹሴትስ፣ በሳሌም መንደር የደረሰውን ታሪክ መሠረት ያደረገ ነው። ልጃገረዶች ተንዘፈዘፉ፣ ጮኹ፤ ሐኪም ምክንያቱን ቢያጣ ጥንቆላ ነው ተባለ። «ማን አደረገባችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ስም ጠሩ። 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ አንድ አዛውንት በድንጋይ ክብደት ተጨፍልቀው ሞቱ። ጥንቆላውን ያመኑት ሞት ሲቀርላቸው፣ የተሰቀሉት አልሠራንም ብለው የጸኑት ነበሩ።

ጥያቄው ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። ቡዳ በላው የተባለ ሕመምተኛ ጭስ ታጥኖ «ማን ነህ?» ይባላል፤ ሲለፈልፍ የሚጠራው ስም ብዙ ጊዜ የአንጥረኛ ወይም የሸክላ ሠሪ ነው። በአማራም በኦሮሞም ማኅበረሰብ ባለ እጅ በዚሁ ጥርጣሬ ከጋብቻ ሲገለል ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከለከሉ፤ አዋጁ ግን ፍርሃቱን አልሻረም።

ወባ ባለበት፣ ከአዳማ እስከ ላንጋኖ በሚዘልቀው ስምጥ ሸለቆ፣ የሚንዘፈዘፍና የሚለፈልፍ ሕመምተኛ የአንጎል ወባ፣ የማጅራት ገትር ወይም የሚጥል በሽታ ይዞት ሊሆን ስለሚችል በቅድሚያ ይህ ይመርመር። ምርመራው ምንም ባያሳይ እንኳ ስቃዩ ሐሰት አይደለም፤ ከተሰበሰበው ሰው ተለይቶ በጸጥታ ማረፍ ያሻዋል። ባለሙያው «ምን ተሰማህ?» ብሎ ይጠይቅ እንጂ «ማን አደረገብህ?» አይበል። በሕመም ላይ የተጠራ ስም ማስረጃ ስላልሆነ በካርዱ ሊሰፍር፣ ከክፍሉም ሊወጣ አይገባም።