የአፈር ናሙና ወጣ ማለት ወርቅ ተገኘ ማለት ነው እንዴ?

«አገር ቤት የወርቅ መሬት አለ፣ የአፈር ምርመራው ወጥቷል፣ ሼር ግዙ» የሚል ሰው ሲመጣባችሁ ኪሳችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከሥር ያለው አለት ሲበሰብስ የያዘው ማዕድን ትንሽ ትንሽ ወደ አፈሩ ይገባል። ባለሙያዎች መሬቱን በመስመር ይከፋፍሉና ለምሳሌ በየ50 ሜትሩ ይቆፍራሉ። የላዩን ጥቁር አፈር ትተው ከሥሩ ያለውን ይወስዳሉ። ናሙናው እንዳይበከል የጣት ቀለበት ሳይቀር ያወልቃሉ። አፈሩ ደርቆ፣ ተነፍቶ ላቦራቶሪ ይገባል። ወርቅ ብቻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ አብሮት የሚገኘው አርሴኒክም ይለካል።

አሁን ቁጥሩን እንይ። ከቢሊዮን 50 እጅ ወርቅ ተገኘ ቢሏችሁ፣ በ1 ቶን አፈር ውስጥ 50 ሚሊግራም ማለት ነው። ለአሳሹ ጥሩ ምልክት ነው። ግን 1 ግራም ለመሙላት 20 ቶን አፈር ይፈልጋል! ደግሞ አፈር በዝናብ ይንሸራተታል፤ ምልክቱ ቁልቁለቱ ላይ ተገኝቶ ምንጩ ከላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀጥሎ ቦይ ይቆፈራል፣ ከዚያ በማሽን ወደ ጥልቁ ይገባል። ብዙው ቦታ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አገራችን ወርቅ አላት፤ ለገደንቢ ምስክር ነው። እኛ የምንለው ሌላ ነው፦ «የማሽን ቁፋሮው ውጤትስ? ፈቃዱ በማን ስም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለ የላባችሁን ገንዘብ ያዙ።