ትንሹ ከርነልና የሪፈር ወረቀት

ዕጣ ሲወጣ ዋግ ኽምራ ደርሶኝ "እዚያ ተራራ ላይ ምን ልትሠሪ ነው?" ያላችሁኝ ጓደኞቼ ትዝ ይላችኋል። ዛሬ ደግሞ ስለ ኮምፒውተር ታሪክ ስጽፍ "እሷን ምን አገባት?" ማለታችሁ አይቀርም። ታገሡኝ።

በደጋው በአንድ ተቋም ስሠራ ከጤና ኬላ የተላከ የሳንባ ምች የያዘው ሕፃን መጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በሽታውን ለይታ፣ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥታ ሪፈሩን በሰዓቱ ጽፋለች። እኛ ግን መምጣቱን አልሰማንም፤ እናቱ ወረቀቱን ይዛ ካርድ ክፍል ተሰለፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። በንዴት "ሕክምናን እንዲህ መበታተን ምን ይሠራል? ሁሉም አንድ ቦታ ይሁን!" አልኩ።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ የከርነል ታሪክ ነው። ከርነል የኮምፒውተር እምብርት ነው፤ ፕሮግራሞች ፕሮሰሰሩን በተራ እንዲጠቀሙ፣ አንዱም የሌላውን ማህደረ ትውስታ እንዳይነካ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ማክ የተባለው ከርነል ሲሠራ፣ ሐሳቡ እምብርቱን አሳንሶ የቀረውን ሥራ ወደ ውጭ ማውጣት ነበር። ሥርዓቱ ግን ተንቀራፈፈ። ብዙዎች "መከፋፈሉ ነው ጥፋቱ" አሉ።

ጀርመናዊው ዮኽን ሊድትከ አልተቀበለም። ኤል 4 የተባለውን ከርነል ከባዶ ተነሥቶ ሠራ፤ መጠኑ 12 ኪሎ ባይት ብቻ ነበር። መመሪያው ግልጽ ነው፦ ውጭ ሊሠራ የሚችል ነገር እምብርቱ ውስጥ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት፣ በአንድ ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ አጭር መልእክት በማክ 115 ማይክሮ ሰከንድ ሲፈጅ በእሱ 5 ብቻ ፈጀ። አጭሩን መልእክት በማህደረ ትውስታ እየገለበጠ ከማዞር ይልቅ በፕሮሰሰሩ መዝገቦች በቀጥታ አሻገረው። ጥፋቱ የመከፋፈሉ ሳይሆን የመልእክቱ መንገድ ነበር።

ይህን ሳነብ ያ ሕፃን ፊቴ ድቅን አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሴቶችን ሲመድብ ሐሳቡ ያው ነበር፦ ሆስፒታል የማያስፈልገው ሥራ እዚያው መንደር ይሠራ። ልጅቷ ድርሻዋን ተወጥታለች፤ የዘገየነው እኛ ነን። ከዚያ በኋላ ከኬላዎቹ ጋር ሪፈር ሲጻፍ ስልክ እንዲደወል፣ በሩ ላይም ነርስ እንድትቀበል ተስማማን። ወረፋ የለም፤ ካርድ በኋላ።

በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ገባ። ጤና፣ ግብርና፣ ውሃ፣ ትምህርት ሁሉም ድርሻ አላቸው። መምህሮቻችን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁን ምርመራና መድኃኒት ስታስተምሩ ስልኩን አንሥቶ መደወልንም አስተምሩልን። እኔ የተማርኩት በሰው ልጅ ሕይወት ነው።