ስለ ማግኔት ሕክምና ታሪክ

በወልድያና በመርሳ፣ በሀብሩም አገር፣ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የኖረ መድኃኒት ብዙ ነው፤ ከነዚህም አንዱ ኮሶ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው መሥራቱን ከሰው አፍ አይጠይቅም፤ ትሉ ሲወጣ በዐይኑ ያየዋልና። ከ1769 እስከ 1771 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በኢትዮጵያ የተቀመጠው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስም ስለዚህ ዛፍ ጽፎ በ1790 አሳተመ።

በዚያው ዘመን በአውሮፓ ሌላ መድኃኒት ገንኖ ነበር፤ ይኸውም ማግኔት ነው። ማግኔት ብረትን መሳቡ እውነት ነው፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርትም በ1600 ባወጣው መጽሐፍ ምድር ራሷ ታላቅ ማግኔት መሆኗን አስረድቷል። ነገር ግን ብረትን የሚስብ ነገር በሽታንም ይስባል የሚል አሳብ በብዙ ሰው ልብ አደረ።

በ1774 በቪየና ከተማ ሐኪሙ ፍራንዝ አንቶን ሜስመር፣ ማክሲሚልያን ሔል የተባለ ካህንና የከዋክብት ተመራማሪ ያሠራቸውን ማግኔቶች በበሽተኛ ገላ ላይ ያኖር ጀመር። ከታከሙትም አንዳንዶቹ ተንቀጥቅጠው ተሻለን አሉ። ቆይቶም ያለ ማግኔት ኃይሉን በእጄ አስተላልፋለሁ አለ፤ ወደ ፓሪስም ሄዶ ስመ ጥር ሆነ።

በ1784 ንጉሥ ሉዊ 16ኛ ነገሩን የሚመረምሩ ሊቃውንት አቆመ፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊንና ላቮዋዚዬም ከነርሱ ጋር ነበሩ። በፍራንክሊን ግቢ የሜስመር ደቀ መዝሙር በአንድ ዛፍ ላይ ብቻ ኃይሉን አሳደረ። ከዚያም አንድ የ12 ዓመት ልጅ ዐይኑ ታስሮ ወደ ሌሎች ዛፎች ቢመራ፣ ምንም ኃይል ባልተሰጠው በ4ኛው ዛፍ ሥር ራሱን ስቶ ወደቀ። ስለዚህ ልጁን የጣለው የገዛ ራሱ እምነት መሆኑ ታወቀ። በ1799ም ሐኪሙ ጆን ሄይጋርዝ፣ ሕመምን ያወጣሉ ተብለው በሚሸጡ የማዕድን ዘንጎች ፈንታ ማዕድን አስመስሎ የቀባውን እንጨት በ5 ሕመምተኞች ላይ ቢሞክር፣ 4ቱ ቀለለልን አሉ።

ከዚያ ወዲህ ማግኔት ያለበት አምባርና መቀነት መሸጡ አልቀረም፤ በ2007 ግን በካናዳ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት የታተመ የብዙ ፈተናዎች ምርመራ፣ እንዲህ ያለው ማግኔት ሕመምን ለማስታገሱ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ማግኔት በሐኪም እጅ የሚሠራው እውነተኛ ሥራ ሌላ ነው፤ ዐይን ውስጥ የገባ የብረት ስባሪ ያወጣል፤ ኤም አር አይ በሚባለው መሣሪያም የሰውነትን ውስጥ ያሳያል።

ተሻለኝ ያለ በሽተኛ ዋሸ አይባልም፤ ተስፋ ሕመምን ለጊዜው ያቀልላልና። ዳሩ ግን በሽታው ሳይነቀል ቀኑ ያልፋል፤ ሊድን የሚችለውም ሰው በመዘግየቱ ይሞታል። ኮሶም ቢሆን ከዚህ ምርመራ ነጻ አይደለም፤ ትልን ማውጣቱ እውነት ሲሆን፣ መጠኑ ሲበዛ ዐይንን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። እንግዲህ መድኃኒት የአገር ቢሆን ወይም የውጭ፣ ሳይመረመር ሊታመን አይገባውም።