ቀርፋፋው ልጅ ያሸነፈበት ጌም

ዛሬ ከሰሞኑ ወሬ ትንሽ ወጣ ብለን ስለ አንድ የቪዲዮ ጌም እናወጋለን። «ደግሞ ጌም ምን ቁም ነገር አለው?» የምትሉ አትጠፉም። እስከ መጨረሻው አብራችሁኝ ቆዩና ያኔ ፍረዱ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የቶኪዮ ኦሊምፒክን ታስታውሳላችሁ። እኛ የምናስታውሰው ሰለሞን ባረጋ በ10 ሺህ ሜትር ባመጣው ወርቅ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ ጁላይ 23 ቀን 2021፣ በኮሮና ምክንያት ተመልካች በሌለው ስታዲየም የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ተካሄደ። የየአገሩ ስፖርተኞች ባንዲራ ይዘው መግባት ሲጀምሩ የተሰማው የመጀመሪያው ዜማ የጃፓን ባህላዊ ሙዚቃ አልነበረም፤ የጦር ሠራዊት ማርሽም አልነበረም። ድራገን ኩዌስት የሚባል የቪዲዮ ጌም መክፈቻ ሙዚቃ ነበር።

አሁን ከዚያች ቀን 33 ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1988፣ ዕለቱ ረቡዕ ነው። የዚሁ ጌም ሦስተኛ ክፍል ለገበያ ወጣ። በጃፓን ከተሞች ሱቆቹ ሳይከፈቱ ረጃጅም ሰልፎች ተሠሩ። በአንድ ቀን ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ቅጂ ተሸጠ። ከትምህርት ቤት ቀርተው የተሰለፉ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችን ፖሊስ እንደያዘ ተዘገበ። ጌሙን ገዝተው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ ልጆችን መንገድ ላይ አስፈራርተው የሚቀሙም ተነሱ። ጋዜጦች «ልጆቻችን ምን ነካቸው?» የሚል ወሬ ይዘው ወጡ።

በ1988 ፖሊስ ልጆችን ከሰልፍ የለቀመበት ጌም፣ በ2021 አገሪቱ ለዓለም እንግዶቿ የከፈተችው ዜማ ሆነ። በመካከል ምን ተፈጠረ? መልሱ ያለው ጌሙ በተሠራበት መንገድ ውስጥ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአሜሪካ ነው። በ1974 ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባል የጠረጴዛ ጨዋታ ታተመ። ተጫዋቹ የአንድን ጀግና ሚና ይወስዳል፣ ዳይስ ይጥላል፣ በምናብ ዓለም ውስጥ ይጓዛል። በ1981 ይህን ሐሳብ ወደ ኮምፒውተር ያመጡ ሁለት ጌሞች ታዋቂ ሆኑ፤ ዊዛርድሪ እና አልቲማ። ሁለቱም ድንቅ ነበሩ፣ ግን የአዋቂ ጨዋታ ነበሩ። ውድ ኮምፒውተር ይፈልጋሉ፣ ወፍራም መመሪያ ማንበብ ይጠይቃሉ፣ መንገዱን በካሬ ወረቀት እየሳላችሁ ካልሄዳችሁ ትጠፋላችሁ። ጀማሪን አይምሩም።

በጃፓን ደግሞ ኤኒክስ የሚባል ድርጅት ነበር። የራሱ የጌም ባለሙያ ስላልነበረው በ1982 የጌም ውድድር አዘጋጀና የአንድ ሚሊዮን የን ሽልማት አቀረበ። ዩጂ ሆሪ የሚባል የ28 ዓመት ጸሐፊ ስለ ውድድሩ በመጽሔት የሚጽፍ ሰው ነበር። ሰውየው ግን መጻፉ አልበቃው ብሎ ራሱ የሠራውን የቴኒስ ጌም አስገባና ከተሸላሚዎቹ አንዱ ሆነ። ሌላው ተሸላሚ ኮይቺ ናካሙራ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። በ1983 ሁለቱ ሳን ፍራንሲስኮ ወደተካሄደ የአፕል ኮምፒውተር አውደ ርዕይ ሄዱና ዊዛርድሪን አዩ። በፍቅሩም ወደቁ።

እዚህ ላይ ሆሪ የጠየቀው ጥያቄ የታሪኩ ሁሉ ማጠንጠኛ ነው። አብዛኞቹ ጌም ሠሪዎች «ይህን እንዴት የበለጠ ከባድ እናድርገው?» ይሉ ነበር። ሆሪ ግን «ይህን ምንም የማያውቅ ልጅ እንዴት ይጫወተዋል?» አለ።

በዚያን ጊዜ በጃፓን ቤቶች የገባው ማሽን የኒንቴንዶው ፋሚኮም ነበር። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ፣ ጥቂት ቁልፎች ብቻ ያሉት፣ ኪቦርድ የሌለው ማሽን ነው። በ1985 የወጣው ሱፐር ማሪዮ ልጆቹን አብዷቸዋል። ግን ማሪዮን የሚያሸንፈው ጣቱ ፈጣን የሆነ ልጅ ነው። እጁ ቀርፋፋ የሆነው ልጅ ተራውን ለወንድሙ ሰጥቶ ቁጭ ብሎ ያያል። ይህን ልጅ ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዳንዶቻችን እኛው ነበርን።

ድራገን ኩዌስት ሜይ 27 ቀን 1986 ወጣ። ጌሙ በሙሉ የተቀመጠው በ64 ኪሎባይት ውስጥ ነው። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ካታካና የሚባለውን የጃፓን ፊደል ሙሉውን ማስገባት ስላልተቻለ ስሞቹ እንኳ የወጡት በተመረጡ ፊደላት ነው። ጀግናው ወደ ጎን ሲሄድ ፊቱ ወደ እናንተ እንደዞረ ነው፤ ለጎኑ ሥዕል ቦታ አልተረፈም።

በዚያች ጠባብ ቦታ ሆሪ ያደረገውን ተመልከቱ። ጌሙ የሚጀምረው ንጉሡ ፊት፣ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሣጥኖች፣ አንድ በርና ደረጃ አሉ። ሣጥኑን ካልከፈታችሁ ቁልፍ አታገኙም፤ ቁልፍ ከሌላችሁ በሩ አይከፈትም። ከዚያ ክፍል ስትወጡ መነጋገርን፣ ዕቃ ማንሳትን፣ በር መክፈትን ሳታውቁት ተምራችኋል። መመሪያ ያነበበ የለም። ክፍሉ ራሱ መምህር ነው።

ከቤተ መንግሥቱ ስትወጡ ደግሞ ከውኃው ማዶ የክፉው ገዥ ግንብ ይታያችኋል። የመጨረሻው ግብ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ዓይናችሁ ሥር ነው። ግን ለመድረስ ዓለሙን መዞር አለባችሁ።

መጀመሪያ የሚገጥማችሁ ስላይም የሚባል እንደ እንባ ጠብታ ቅርጽ ያለው ፈገግ ያለ ፍጥረት ነው። ሆሪ በእጁ የሞነጫጨረውን ቅርጽ ወስዶ እንዲህ ያሳመረው የድራገን ቦል ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማ ነው። አንድ ስላይም ስታሸንፉ አንድ የልምድ ነጥብ ታገኛላችሁ። ሰባት ነጥብ ሲሞላ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ታድጋላችሁ፤ ጉልበታችሁም ይጨምራል። ብትሞቱ ከገንዘባችሁ ግማሹ ይወሰዳል እንጂ ልምዳችሁ አይነካም። ንጉሡ ያስነሳችሁና እንደገና ትወጣላችሁ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉ የለ አባቶቻችን? ድራገን ኩዌስት ማለት ይኸው ነው። ፈጣን ጣት አያስፈልግም። ትግሉ ተራ በተራ ስለሆነ ቁጭ ብላችሁ ታስባላችሁ። ትናንት የገደላችሁን ጠላት ዛሬ ታልፉታላችሁ፣ ምክንያቱም ትናንት ለፍታችኋል። ለዚያ ተራውን አሳልፎ ለሰጠው ቀርፋፋ ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ልፋቱ እውነተኛ ነበር። ጌሙን አቋርጦ ነገ ለመቀጠል፣ ንጉሡ የሚነግራችሁን 20 ፊደላት ያሉት «የትንሣኤ ድግምት» በወረቀት መጻፍ ነበረባችሁ። አንዲት ፊደል ከተሳሳታችሁ የሳምንት ድካም ውኃ በላው። ከዚያ ትውልድ ጃፓናዊ ጋር ካወራችሁ ስለዚህ ወረቀት ሳያነሳ አይቀርም።

ጌሙ መጀመሪያ ላይ የተሸጠው በዝግታ ነው። ሆሪ ግን በየሳምንቱ በሚሊዮኖች በሚሸጠው ሾነን ጃምፕ መጽሔት ላይ እየጻፈ ለልጆቹ አስረዳ። በመጨረሻ ሽያጩ ወደ 1.5 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያ ሁለተኛው ክፍል በ1987፣ ቀጥሎም ያ የ1988ቱ ረቡዕ መጣ።

በነገራችን ላይ «የጃፓን መንግሥት ድራገን ኩዌስት በሥራ ቀን እንዳይሸጥ ሕግ አወጣ» የሚል ወሬ ኢንተርኔት ላይ ሲዞር ታያላችሁ። ውሸት ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ወጥቶ አያውቅም። ኤኒክስ ራሱ ነው ከግርግሩ በኋላ ተከታዮቹን ክፍሎች በዕረፍት ቀናት ማውጣት የጀመረው።

ተቺዎችም የሚሉት አላቸው፤ ሁሉንም አልጥለውም። በጌም ውስጥ ሰባት ስላይም ካሸነፍክ ማደግህ የተረጋገጠ ነው። በሕይወት ግን ስንቱ ለፍቶ ለፍቶ ደረጃው አይጨምርም! ልፋትን ሁሉ የሚቆጥር ዓለም ልጅን ሊያታልል ይችላል። የ1988ቱ ዝርፊያም የሆነ ነገር ነው። የሙዚቃው ደራሲ ኮይቺ ሱጊያማም በጦርነቱ ዘመን የጃፓን ጦር በሴቶች ላይ የፈጸመውን ግፍ ከሚያስተባብሉት ወገን ስለነበር፣ ዜማው በኦሊምፒክ መሰማቱ ያስከፋቸው ነበሩ። ቅሬታቸው ተገቢ ነው።

እኔ ግን የማስበው ስለዚያ የተቆለፈ ክፍል ነው። ሆሪ ጌሙን ከባዶ አልፈጠረውም። ሐሳቡ ከአሜሪካ የመጣ ነው። እሱ የሠራው በር ነው፤ ጥቂት አዋቂዎች ብቻ የሚገቡበትን ቤት ለማንም ልጅ ከፈተው። በሩን ሲከፍት ደግሞ ቤቱን አላረከሰውም፤ ውስጡ ያለው ታሪክና ትግል ሙሉ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየክፍሉ፣ በየመድረኩ ግን ዕውቀቱን የሚለካው ስንት ሰው እንዳልገባው በመቁጠር የሆነ ባለሙያ ሞልቶናል።

ሱጊያማ በ2021፣ ቶሪያማ በ2024 አርፈዋል። ያ የ1988ቱ ሦስተኛ ክፍል በኖቬምበር 2024 በአዲስ መልክ ተሠርቶ ሲወጣ ሆሪ የ70 ዓመት አዛውንት ሆኖ አሁንም በሥራው ላይ ነበር። በሰልፍ የተያዙት ልጆች ዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው ጎልማሶች ናቸው። አገሪቱን የሚያስተዳድሩት፣ ሥነ ሥርዓት የሚያዘጋጁት፣ ሙዚቃ የሚመርጡትም እነሱና እኩዮቻቸው ሆነዋል። ያ ዜማ ስታዲየም የገባው በዚህ መንገድ ነው።

እናንተስ? በመጀመሪያው ቀን ጀማሪነታችሁን ያከበረላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያልለቀቃችሁት ነገር ምንድን ነው? ጻፉልኝ።

ቸር ያሰንብተን።